ቀለም አይቼ ሽቦ የቀጠልኩ ቀን

ሰሞኑን ቅዳሜና እሁድ የት ነው የምትጠፋው ላላችሁኝ፣ እህል በረንዳ ነኝ። አጎቴ እዛ መጋዘን አላቸው፣ ጤፍና ስንዴ በኩንታል ያስረክባሉ፣ እና መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰፊ ዲጂታል ሚዛን አላቸው፣ ማዳበሪያው ይጫንበትና ግድግዳው ላይ ያለችው ማሳያ ቀይ ቁጥር ታበራለች፣ ልጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ አጎቴ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ጸቡ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። አንዱ 97 ነው የተባለው ይላል፣ ሌላው አይ 99 ነው ይላል፣ ማዳበሪያው ወርዶ አይሱዙ ላይ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ማን ይመስክር። እና አንድ ቀን ቡና እየጠጣን "አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ትላለህ፣ ይሄ ሚዛን የመዘነውን ራሱ ወረቀት ላይ አትሞ እንዲሰጥ ማድረግ ያቅትሃል?" አሉኝ። አያቅተኝም ጋሼ አልኩ። በቃ እንዲህ ነው የገባሁበት።

የማሳያዋን ጀርባ ሳየው ዘጠኝ ፒን ያላት ሶኬት አለች፣ የድሮ ዴስክቶፕ የነካካ ሰው ያውቃታል፣ ሲሪያል ፖርት። አርኤስ 232 የሚባለው ስታንዳርድ መጀመሪያ የወጣው በ1960 ነው (እዚህ ያለው ዓመት በሙሉ በፈረንጅ ነው)፣ ዩኤስቢ ደግሞ በ1996። አባትና ልጅ በሉት። ግን ሚዛን፣ የላብራቶሪ ማሽን፣ የፋብሪካ እቃ ምናምን ዛሬም በሱ ነው የሚያወራው፣ ለምን ቢሉ ሦስት ሽቦ ይበቃዋል፣ ሰላም ልበልህ ፍቀድልኝ የሚል ነገር የለውም፣ የመዘነውን ዝም ብሎ ይለፈልፋል፣ የሚሰማው ኖረም አልኖረም።

ቤት መሳቢያ ውስጥ ዓመታት የተኛች ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ ነበረችኝ። 5 ሳንቲሜትር በ5 የማትሞላ ቦርድ ናት፣ ሊኑክስ ትጭናለች፣ ለዚህ ስራ ከበቂ በላይ ናት። ችግሯ ስክሪን የሚሰካበት ቦታ የላትም፣ ትልቁ ዩኤስቢ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ለፕሪንተሩ አንድ ዩኤስቢ፣ መረጃ ለመቅዳት ለፍላሽ አንድ፣ ለሚዛኑ ሲሪያል፣ እና ለራሴ ደግሞ ቦርዷ ስትታመም የማዋራበት ሌላ ሲሪያል። የላትም ብላችሁ እንዳትገዙ ሌላ። አላት። ፖርት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀዳዳውን ነው፣ እነዚህ ትንንሽ ቦርዶች ላይ ግን ፖርቱ ቺፑ ውስጥ አለ፣ እግሩ እስከ ፒኑ ድረስ ወጥቷል፣ ቀዳዳውን ነው አንተ የምትሰራለት። ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ ላይ ሁለት ተጨማሪ ዩኤስቢ 13 ፒን ያላት ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሲሪያሉ ባለ 26 ፒኑ ላይ አለ፣ የምርመራዋ ሲሪያል ደግሞ ለብቻዋ ሦስት ፒን ሆና ቆማለች፣ ግራውንድ፣ አርኤክስ (መስሚያ)፣ ቲኤክስ (መናገሪያ)።

ከሦስቷ ፒን ልጀምር፣ ምክንያቱም ስክሪን ለሌላት ቦርድ ዓይኗም አፏም እሷ ናት። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ኬብል ገዛሁ፣ ጫፉ ላይ አራት የተበተኑ ሽቦዎች አሉት፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። ቀዩ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ፣ ነጩ የኬብሉ መስሚያ፣ አረንጓዴው የኬብሉ መናገሪያ። እነዚህን አራት ቀለሞች ያዙልኝ፣ በኋላ ያስለቅሱናል። አገናኙ በመስቀል ነው፣ የዚህኛው አፍ ከዛኛው ጆሮ ጋር፣ ማለት ነጩ ከቦርዷ ቲኤክስ ጋር፣ አረንጓዴው ከቦርዷ አርኤክስ ጋር፣ ጥቁሩ ከግራውንድ። ቀዩን አትንኩት። ቦርዷ የራሷ ቻርጀር አላት፣ ከላፕቶፑ የሚመጣ ሌላ 5 ቮልት ሲጨመርባት ሁለቱ ምንጮች እርስ በርስ መገፋፋት ይጀምራሉ፣ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅላችሁ አጠፋኋት ብላችሁ ስታስቡ በጓሮ በር መብራት እየገባላት ግማሽ ነቅታ ግማሽ ተኝታ ታገኟታላችሁ። እኔ ቀዩን በፕላስተር ጠቅልዬ ወደኋላ አጥፌዋለሁ።

ከማገናኘታችሁ በፊት አረንጓዴው ስንት ቮልት እንዳለው በቴስተር ለኩት፣ ዝም ብሎ በተቀመጠበት 3.3 አካባቢ ማሳየት አለበት። 5 ካሳየ አታገናኙት፣ የቦርዷ ፒኖች 3.3 ነው የሚችሉት። አንዳንድ ቀያሪዎች ላይ 3.3 እና 5 የምትመርጥ ትንሽ ጃምፐር አለች፣ ሻጩ የትኛው ላይ እንደተዋት እግዜር ነው የሚያውቀው።

ከዛ ላፕቶፑ ላይ ፒኮኮም የምትባል ሲሪያል የምታነብ ፕሮግራም ከፈትኩ፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 115200 ቢት አልኩት፣ ቦርዷን ሰካኋት፣ እና ጽሁፉ መዝነብ ጀመረ። እውነት ለመናገር ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ባየውም ደስ ይለኛል። ያቺ ዓመታት የሞተች የመሰለች ቦርድ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምራ ሜሞሪዬ ይሄ ነው፣ ካርዱን አገኘሁት፣ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) እየጫንኩ ነው ስትል። የማይነበብ ምልክት ብቻ ከመጣባችሁ ሽቦው ደህና ነው፣ ፍጥነቱ ነው የተሳሳተው። ሮክቺፕ የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ብዙ ቦርዶች ለምሳሌ 1500000 ነው የሚጠቀሙት፣ ይሄን ሳላውቅ በፊት አንዷን ተበላሽታለች ብዬ ለሰው ልሰጣት ነበር። ምንም ካልመጣ ደግሞ ነጩንና አረንጓዴውን አቀያይሩ፣ ሁለቱም 3.3 እስከሆኑ ድረስ ተሳስቶ መሞከር እዚህ ጋ የሚያቃጥለው ነገር እምብዛም ነው።

አሁን ወደ ውርደቴ እንምጣ።

ለሁለቱ ተጨማሪ ዩኤስቢ የሚሆን ሶኬት ስፈልግ ቤት ውስጥ አንድ የድሮ ዴስክቶፕ ቆርቆሮ አለ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ዩኤስቢ ያለው፣ ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ጫፉ አስር ቀዳዳ ሆኖ አንዱ የተደፈነ። ገንዘብ ለምን አወጣለሁ ብዬ እሱን አወጣሁት። በፕላስቲኩ ጎን ያለችውን ምላስ በመርፌ ብድግ ስታደርጉት ሽቦው ከነብረቱ ይወጣል፣ ከዛ በቦርዷ ቅደም ተከተል መልሶ መሰካት ነው። የኦሬንጅ ፓይ ዜሮዋ 13 ፒን ስትጀምር 5 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ቀጥሎ የአንደኛው ዩኤስቢ ዲ ማይነስ እና ዲ ፕላስ (ሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች)፣ ቀጥሎ የሁለተኛው ዲ ማይነስ እና ዲ ፕላስ ናት። 5 ቮልቱና ግራውንዱ አንድ አንድ ብቻ ስለሆኑ የሁለቱን ሶኬት ቀዮች አንድ ላይ፣ ጥቁሮቹን አንድ ላይ ሶልደር አደረኳቸው። የቀረው ነጭና አረንጓዴ ነው። የዩኤስቢ ቀለም ደግሞ ማንም ያውቃል፣ ቀይ 5 ቮልት፣ ነጭ ዲ ማይነስ፣ አረንጓዴ ዲ ፕላስ፣ ጥቁር ግራውንድ። አያችሁ አይደል፣ ቅድም ከያዝናቸው ጋር አንድ ዓይነት አራት ቀለሞች፣ ትርጉማቸው ግን ሌላ። አንዱን ኬብል በሌላው ቦታ ያነሳ ሰው አለቀለት። እኔ ግን እሱን አልተሳሳትኩም። እኔ የተሳሳትኩት ቀለሙን በማመኔ ነው።

ፍላሹን ሰካሁ። መብራቷ ብልጭ አለች፣ ጠፋች። ላፕቶፑ ላይ የከርነሉ መልእክት መጣ፣ ዲቫይስ ዲስክሪፕተር ሪድ፣ ኤረር ማይነስ 71። ደገመ። ደገመ። በመጨረሻ ይሄን ዩኤስቢ ላውቀው አልቻልኩም ብሎ ተወው። ሌላ ፍላሽ ሞከርኩ፣ እንደዛው። በመጀመሪያ ያሰብኩት ሶፍትዌር ነው፣ ምክንያቱም አርምቢያን (ቦርዷ ላይ ያለው ሊኑክስ) ላይ እነዚህ ፖርቶች በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ዩኤስቢሆስት 2 እና ዩኤስቢሆስት 3 በሚል ስም ተጽፈው መንቃት አለባቸው፣ ስለዚህ ያንን ሳገላብጥ ከምሳ እስከ አስር ሰዓት ቆየሁ። ተጽፈዋል። ከዛ መብራት አነሳት ብዬ ቻርጀር ቀየርኩ። ከዛ ካርዱን እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ለምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ ሰው ሲጨንቀው ፎርማት ያደርጋል። ከዛ መብራት ሄደ፣ እና በሻማ መልእክቱን ፎቶ ያነሳሁበትን ስልክ እያየሁ ስቀመጥ ነው አንዷን ቃል ያየኋት። አዲስ "ሎው ስፒድ" ዩኤስቢ እቃ ተገኘ ይላል። ሎው ስፒድ? ፍላሽ? ሎው ስፒድ ማለት እኮ ኪቦርድና ማውዝ ነው፣ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሚሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ እቃ ማንነቱን በመጀመሪያ የሚናገረው በአንዲት 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ዲ ፕላስን ወደ ላይ ከሳባት ፈጣን ነኝ ማለቱ ነው (480 ሜጋቢት የሚሄዱትም መጀመሪያ እንደዚህ ነው የሚያንኳኩት)፣ ዲ ማይነስን ከሳባት ደግሞ ቀርፋፋ ነኝ ማለቱ ነው። በቃ፣ ሁለት ሽቦ፣ የትኛው ብድግ አለ፣ ቦርዷ የምታየው ይሄንን ነው። ስለዚህ አንድ ፍላሽ ሎው ስፒድ ነኝ ብሎ ከመጣ ፍላሹ አልዋሸም፣ ሁለቱ ሽቦዎች ተገልብጠው ነው ቦርዷ ጋ የደረሱት።

መብራት ሲመጣ ቴስተሩን ድምጽ በሚያሰማው ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ ሶኬቱ ውስጥ ያለችው ሁለተኛዋ ስስ ብረት ላይ አስነካሁ፣ ዲ ማይነስ መሆን ያለባት ናት፣ ሌላውን ጫፍ ነጩ ሽቦ ላይ። ዝም። አረንጓዴው ላይ። ጢጢጢጢ። ያንን ቆርቆሮ የሰራው ፋብሪካ በእጁ የነበረውን ቀለም ነው የተጠቀመው፣ ማዘርቦርዱ ላይ በትክክል እስከገባ ድረስ ቀለሙ ምን አገባው። እኔ ነኝ ጫፉን የበተንኩት። ሁለቱን በመርፌ አውጥቼ አቀያየርኳቸው፣ ሁለት ደቂቃ። ቀኑን ሙሉ የበላኝ ነገር ሁለት ደቂቃ።

እንደ እድል ሆኖ ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ ቢገለበጡ የሚቃጠል ነገር የለም። ቀይና ጥቁሩ ቢሆን ግን ፍላሹም ምናልባት ቦርዷም ሄዳ ነበር፣ ስለዚህ ከዛ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ከመሰካቴ በፊት ባዶ ሶኬቱ ላይ 5 ቮልቱ በትክክለኛው ጎን መሆኑን እለካለሁ። ሌላ ደግሞ፣ ሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠምዝዘው ነው መሄድ ያለባቸው። ጎኑ ያለው ሁለተኛው ሶኬት ላይ ኬብሉ አጥሮኝ በተራ ጃምፐር ሽቦ ቀጥዬው ነበር፣ ማውዝ ይሰራል፣ ፕሪንተር ይሰራል፣ ፍላሽ ግን አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ቀርፋፋው ነገር ይታገሳል፣ 480 ሜጋቢቱ አይታገስም። ሽቦውን አሳጠርኩት፣ እንደ ሹሩባ ጠመዘዝኩት፣ ሰላም ሆነ።

ሚዛኑ ጋ ስመጣ ተምሬያለሁ፣ ቴስተሬን በእጄ ይዤ ነው የገባሁት። እዚህ ጋ አደጋው ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም አርኤስ 232 ከቦርዷ ፒን ጋር ስሙ እንጂ ቋንቋው አንድ አይደለም። ቦርዷ ላይ ዝምታ ማለት 3.3 ቮልት ነው። አርኤስ 232 ላይ ዝምታ ማለት ከዜሮ በታች ነው፣ ማይነስ 5፣ ማይነስ 9፣ እስከ ማይነስ 15 ድረስ፣ ሲያወራ ደግሞ ወደ ፕላስ ይዘላል። ይሄንን በቀጥታ ፒኑ ላይ ማስነካት ቦርዱን መግደል ነው። መሀል ላይ ማክስ 3232 የሚባለው ቺፕ ይገባል፣ ዘጠኝ ፒን ሶኬት ተሰፍቶበት በትንሽ ሞጁል መልክ ይሸጣል። አንድ ነገር ብቻ፣ ይሄ ቺፕ በ3.3ም በ5ም ይሰራል፣ በ5 ካበራችሁት ወደ ቦርዷ የሚልከውም 5 ነው፣ ስለዚህ ከባለ 26 ፒኑ የመጀመሪያዋ ፒን 3.3 ነው የምትሰጡት። ስሙ የሚመስለው ማክስ 232 ግን 5 ቮልት የሚፈልገው ነው፣ እንዳይሸጡላችሁ።

ያ ዝምታው ከዜሮ በታች ነው ያልኩት ነገር ደግሞ በጣም የምትጠቅም ብልሃት ናት። ከሚዛኑ ጋር የመጣችው ወረቀት የሚናገረው ፒን 2 ነው ትላለች። ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ 5 ላይ፣ ግራውንድ ናት፣ ቀዩን 2 ላይ፣ ዜሮ ምናምን። 3 ላይ፣ ማይነስ 5.6። አለቀ፣ የሚናገረው 3 ነው፣ ወረቀቷ የሌላ ሞዴል ትሁን ወይ ተሳስታ ትሁን አላውቅም። ሞጁሎቹ ላይ ቲኤክስ አርኤክስ ተብሎ የተጻፈውም እንደዛው ነው፣ አንዱ ከቺፑ አንጻር ይጽፋል፣ ሌላው እናንተ ከምትሰኩት አንጻር፣ በተጻፈው ከመሟገት መለካት ይቀላል።

ቦርዷ ላይ ዩአርት 1ን (ባለ 26 ፒኑ ላይ ያለውን ሲሪያል) በቅንብሩ አነቃሁት፣ ፒን 8 መናገሪያ፣ ፒን 10 መስሚያ። መጀመሪያ ሚዛኑን ሳላገናኝ የሞጁሉን 2 እና 3 በአንዲት ሽቦ አገናኘኋቸው፣ የጻፍኩት ተመልሶ ከመጣ የኔ ጎን ጤነኛ ነው ማለት ነው። ፐርሚሽን ዲናይድ አለኝ፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዳይልአውት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ራስን መጨመርና ወጥቶ መግባት ነው። ከዛ ሰራ። ሚዛኑን በ9600 ሰካሁ፣ ጫኝና አውራጁ ልጅ አንድ ማዳበሪያ ጣለበት፣ እና ስክሪኑ ላይ ዩኤስ፣ ጂኤስ፣ 97 ነጥብ ምናምን፣ ዩኤስ፣ ጂኤስ፣ 99፣ ከዛ ኤስቲ፣ ጂኤስ፣ ፕላስ፣ 98.4 ኪሎ። ዩኤስ ማለት ሚዛኑ ገና እየተወዛወዘ ነው፣ ኤስቲ ማለት ረግቷል፣ ጂኤስ ደግሞ ጠቅላላ ክብደት። የ97 እና የ99ኙ ጸብ መነሻው ይሄው ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ልጁ ሳይረጋ ነው የሚጠራው! ለአጎቴ ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩትና "እና ይሄን ሁሉ ዘመን እኔ ያጣላኋቸው ሰዎች..." ብለው አልጨረሱትም።

ፕሪንተሩ ብዙ አላስቸገረም፣ የራሱ ቻርጀር ስላለው ከዩኤስቢው መረጃ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ሊኑክስ ላይ እንደ ፋይል ነው የምትጽፉበት። አማርኛ ፊደል ግን ውስጡ የለም፣ ስለዚህ ደረሰኙን እንደ ስዕል ሰርቼ ነው የምልክለት፣ ባለ 58 ሚሊሜትር ወረቀቱ 384 ነጥብ ስፋት አለው፣ ለ"ኩንታል" ይበቃል። ያስቸገረው መብራቱ ነው። የጎረቤት ማበጠሪያ ማሽን በተነሳ ቁጥር ቦርዷ ጠፍታ ትነሳለች፣ ማሽኑን ስራገም ቆይቼ ቦርዷ ፒን ላይ ስለካ 4.6 ቮልት። ቻርጀሩ አይደለም፣ ኬብሉ ነው፣ ሁለት ሜትር ሆኖ እንደ ክር የቀጠነ የስልክ ኬብል። በአጭርና ወፍራም ቀየርኩት፣ ሚዛኑንም ቦርዷንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካኋቸው፣ ግራውንዳቸው እንዲስማማ።

ራዝቤሪ ፓይ (ሌላዋ ታዋቂ ትንሽ ቦርድ) ያላችሁ ነገሩ ይቀላችኋል፣ ፒን 6 ግራውንድ፣ 8 መናገሪያ፣ 10 መስሚያ። ፓይ 3 ላይ ግን (በ2016 የወጣው) ደህናውን ዩአርት ብሉቱዙ ወስዶታል፣ ለእናንተ የተዋት ትንሿን ናት፣ ፍጥነቷ ከቺፑ ሰዓት ጋር የሚወዛወዝ፣ ቅንብር ፋይሉ ላይ ዲሴብል ቢቲ የሚለውን ኦቨርሌይ ጨምራችሁ ማስመለስ ትችላላችሁ። ደግሞ የከርነሉ ኮንሶል እዛው ሽቦ ላይ ስላለ ካላጠፋችሁት ለሚዛኑ የከርነል መልእክት ትልኩለታላችሁ። ፓይ 5 ላይ የምርመራዋን ሲሪያል ለብቻዋ ሦስት ፒን ያላት ትንሽ ሶኬት አድርገውላታል፣ ኤችዲኤምአዮቹ መሀል።

ባለፈው እሁድ ሁሉንም በአንድ የብረት ሳጥን ከተትኩት። ሦስቷን የምርመራ ሽቦ ግን በጎን ቀዳዳ አውጥቼ ውጪ ተውኳት፣ ነገ አንድ ነገር ሲሆን ሳጥኑን ሳልፈታ ላፕቶፔን እንድሰካባት። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው መጥተው ዞረው ዞረው አዩት።

"ይሄ የተንጠለጠለው ምንድነው?"

"ጋሼ እሱ ሲታመም የምናናግርበት ነው።"

"እሺ። አይጥ ይበላዋላ።"

ወይኔ። እህል ቤት መሆኑን ረስቼው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜም እህል በረንዳ ነኝ፣ የብረት ቱቦ ይዤ።